ለሱዳናዊው ልጃችን እንግሊዝኛ ላስተማሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ በተለይም ለትምህርት ወደ ከተማችን የመጡ የውጭ አገር ተማሪዎችን በቤታችሁ ያስጠጋችሁ ወገኖቼ፤ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሁለት መምህራንን በአደባባይ ለማመስገንና ሥራቸውን ለሚያስፈልገው ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጠቀስኩት እነርሱው ስለከለከሉኝ ነው። ነገር ግን ምን እንደተማሩ፣ የት እንደሠሩና ምን እንደሚችሉ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ የውጭ አገር ተማሪን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው መመዘን ያለበት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲቀሰቀስ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ከመጡት ብዙ ሰዎች አንዱ ዛሬ በግቢያችን የሚኖረው ወጣት ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ገባ፤ ውሎ አድሮ ኪራዩ ቀርቶ ልጃችን ሆነ። እኔን ጋሼ፣ ባለቤቴን እትዬ ይለናል። የመጀመሪያ ዲግሪውን በኅብረተሰብ ጤና ያገኘው በአገሩ ነው። ሱዳን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን በሰፊው ወደ ዐረብኛ አዛውራለችና፣ በእርሱ ትምህርት ክፍልም መምህሩ የሚናገረው፣ ተማሪው የሚጽፈው በዐረብኛ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪውን እዚህ ሲጀምር፣ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ትምህርት እንደማያውቅ ሰው ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ባዮሎጂ ለ31 ዓመታት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር እንደመሆኔ፣ ዕውቀት እያለው በቋንቋ ምክንያት የሚታፈን ተማሪ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እጅግም አዘንኩለት።

ወደ ጎንደር ከመምጣቱ በፊት በሌላ ከተማ በአንድ የግል የቋንቋ ማስተማሪያ ቤት ለሦስት ወራት ከፍሎ ተምሯል። ቤቱ ያስተዋወቀው «እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት መምህር አለን» ብሎ ነው። መምህሩ ቅን ሰው እንደነበረ ልጃችን ራሱ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ማስተማርን አልተማረም። «እዚህ ቦታ ላይ ይህ ቃል ለምን ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «እንዲሁ ነው የሚባለው» የሚል ነበር። ቋንቋን መቻልና ቋንቋን ማስተማር የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ ብዙ ገንዘብና ከገንዘብ የከበረ ጊዜ የሚባክነው ይህን ባለመለየት ነውና።

ከምስጋናዬ ቀዳሚውን የምታገኘው መምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዋን በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ደግሞ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር ሙያ ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ከመግባቷ በፊት መተማ አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመታትን አሳልፋለች። እኔ ከዲግሪዎቿ እኩል የማየው ይህን የመተማ ዘመኗን ነው። በገበያው፣ በሻይ ቤቱና በጎረቤቱ የሱዳንን ዐረብኛ ሰምታና ተናግራ ስለኖረች፣ ልጃችን ገና አፉን ሲከፍት ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭ ታውቅ ነበር።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ዐረብኛ የ«ፕ» ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ልጃችን ሕመምተኛ ለማለት «ፔሸንት» ማለት ሲገባው «ቤሸንት» ይል ነበር። እርሷ በመጀመሪያው ቀን ቀጭን ወረቀት በከንፈሩ ፊት እንዲይዝ አደረገችው። በቃል መጀመሪያ ላይ ያለው የእንግሊዝኛው «ፕ» ትንፋሽ ስለሚገፋ ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል፤ «ብ» ግን ወረቀቱን እምብዛም አይነካውም። ዓይኑ የሚያየውን ልዩነት ጆሮው ቀስ በቀስ ለመደው። ከዚያም የቤት ሥራው በሰፈራችን ሱቆች እየዞረ ፓስታ፣ ፖስታና ፖሊስ የሚሉትን ቃላት ከሰው ጋር መነጋገር ሆነ፤ አማርኛም ይህን ድምፅ በአብዛኛው የሚጠቀምበት ከውጭ በመጡ ቃላት ነው፣ እኛም እንደ አንተ ተምረን ነው የያዝነው ብላ አበረታታችው። በምላስ ጫፍና በጥርስ መካከል የሚወጣውን፣ ብዙዎቻችን «ዝ» ወይም «ስ» እያልን የምናልፈውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ግን አልደከመችበትም፤ በመጽሐፍ ዐረብኛ ሦስት ቁጥርን ሲያነብ የሚያወጣው ድምፅ መሆኑን ነገረችው፣ እርሱም ወዲያው አገኘው። ለአማርኛ ተናጋሪ ሳምንታት የሚፈጀውን ነገር በአንድ ደቂቃ ማለፍ የምትችለው የሁለቱንም ተማሪዎች ቋንቋ የምታውቅ መምህርት ብቻ ናት።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የዓረፍተ ነገሩ ነገር ነው። በዐረብኛ የአሁን ጊዜን ሲናገሩ «እኔ ተማሪ» ቢሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ነኝ» የሚል ማሰሪያ አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት ልጃችን በእንግሊዝኛም ማሰሪያውን ይዘለው ነበር። መምህርቷ በቤታችን የለቀማትን አማርኛ መሸጋገሪያ አደረገችለት፤ «እትዬ ደኅና ብለህ ታቆማለህ ወይስ ደኅና ናት ትላለህ?» ብላ ጠየቀችው። እንዲሁም ዐረብኛ ጤናን፣ ሕይወትንና ትምህርትን የመሳሰሉ ረቂቅ ስሞችን በአጠቃላይ አነጋገር ሲጠራ «አል»ን ስለሚያስቀድም፣ ተማሪው በእንግሊዝኛም በማይገባበት ሁሉ «ዘ» (the) ያስገባል። ያ የቀድሞው መምህር «እንዲሁ ነው» ያለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር።

ሁለተኛው ተመስጋኝ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቱን በአካዳሚያዊ ጽሕፈት ላይ የሚሠራ መምህር ነው። እርሱ ሰዋስው አላስተማረውም ማለት ይቻላል። ልጃችን በኅብረተሰብ ጤና ዙሪያ የታተሙ አሥር የምርምር ጽሑፎችን ይዞ እንዲመጣ አዘዘውና የእያንዳንዱን መግቢያ አብረው መነጣጠል ጀመሩ፦ ደራሲው በመጀመሪያ መስኩን እንዴት እንዳሳየ፣ ቀጥሎ ያልተሠራውን ክፍተት እንዴት እንዳመለከተ፣ በመጨረሻም የራሱ ጥናት ያን ክፍተት እንዴት እንደሚሞላ እንደተናገረ እያነበቡ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ነበር። ይህን አካሄድ መርምረው ለመምህራን ያስተዋወቁት ጆን ስዌልስ የተባሉት የቋንቋ ምሁር ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። መምህሩ ይህን ሲነግረው ልጃችን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። ማታ እቤት መጥቶ ለእኔና ለባለቤቴ ደግሞ ነገረን፤ የተዘጋችው ከተማው እንዲህ ባለ መንገድ ጎንደር ድረስ ተከትላው መምጣቷ አጽናንቶታል።

ከዚሁ መምህር ያገኘው ሌላው ትምህርት ልክን ማወቅ ነው። «ጥናቱ ያረጋግጣል» እና «ጥናቱ ያመለክታል» በሚሉት አገላለጾች መካከል ያለው ርቀት በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ አጥብቄ ባለመንገሬ ዛሬ ይቆጨኛል። በተጨማሪም ዐረብኛ ሐሳቦችን በ«ወ» እያያያዘ ረጅም አድርጎ ሲጽፍ ያምርበታል፤ እንግሊዝኛው ግን ከሐሳቦቹ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ለይቶ ማሳየትን ይፈልጋል። መምህሩ አንድን አንቀጽ እስከ አምስት ጊዜ አስጽፎታል፤ በቀይ እስክሪብቶ ያረመውም የለም፣ ከስሕተቱ በታች መስመር ብቻ እያሰመረ ራሱ እንዲያገኘው ይመልስለት ነበር። ፕሮፖዛሉ ግንቦት ላይ ቀርቦ ሲያልፍ፣ አማካሪው ስለ ቋንቋው አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ብዙ ሰው ስለ ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቀኝ ይህንንም ልጨምር። ካምብሪጅ የሚሰጠው ሴልታ የተባለው የመምህርነት ሥልጠና ቢያንስ 120 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ሠልጣኙ እየታየ የሚያስተምርበት 6 ሰዓት ይገኝበታል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገባን ተማሪ ለማስተማር ግን ለብቻው የሚበቃ አይመስለኝም። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ለመፈተን የሚዘጋጁም ቢሆኑ፣ በጽሕፈት ክፍሉ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎችን፣ አንዱን ቢያንስ በ150፣ ሌላውን ቢያንስ በ250 ቃላት መጻፍ ስለሚጠበቅባቸው፣ የጽሑፍን አወቃቀር የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋቸዋል።

መምህርቴና መምህሬ፣ ምንም እንኳ ያስተማራችሁት እኔን ባይሆንም እንዲህ ብዬ ብጠራችሁ አይከፋችሁም ብዬ ነው፤ ከቤተሰቤ ሁሉ ጋር እጅ ነሥቼ አመሰግናችኋለሁ። የደከማችሁበት ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል።

ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳንም ሆነ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ በቤታችሁ ካለ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሄዶ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ለውጭ አገር ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡትን መምህራን ይጠይቅ፤ ለእኔ የሚጽፍልኝንም ሰው፣ የመምህራኑን ፈቃድ ጠይቄ አገናኘዋለሁ። መምህርቷ አዲስ ተማሪ የምትቀበለው በሴሚስተሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ተማሪው ሲሄድ በገዛ እጁ የጻፈውን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ይያዝ፤ ማንም ያላረመው፣ ከየትም ያልተገለበጠ ይሁን፤ ሥራዋን የምትጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።