የደባርቅ ባለበቅሎዎች፣ በካሜራ ሰው ዓይን

ሃያ ዓመት ያህል የዱር እንስሳ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። አፋር በረሃ ላይ ካሜራዬ ግሎ ጠፍቶብኛል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቀይ ቀበሮ ስጠብቅ ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፍ መጫን አቅቶኛል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ብዙም ተከራይቻለሁ። ከፍዬ አንዴም ያልቆጨኝ ግን ስሜን ተራሮች ስወጣ ደባርቅ ላይ የምከራያቸው በቅሎዎችና ባለቤቶቻቸው ናቸው።

በ2012 ጥቅምት፣ እዚያው ስሜን ውስጥ፣ ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ወጣን። ግጭ መኪና አይገባም፣ ከፍታውም 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ሩቁን የሚያቀርብልኝ የካኖን 50-1000 ሚሊሜትር ሌንሴ ብቻውን 6.6 ኪሎ ይመዝናል። ለማንም የማልሰጠው ዕቃ ነው። ባለበቅሎው ሳጥኑን ተቀብሎኝ በቅሎዋ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አነጠፈ፣ በመጫኛ ጠፍንጎ አሰረው። ከዚያ መዳፉን በሳጥኑና በጎኗ መካከል ሰደደ። ከገባለት ፈትቶ እንደገና ያስራል። ሦስት ጊዜ ፈታው። ወንዙን ስንሻገር በቅሎዋ አዳለጣት፤ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

ከዚህም የሚበልጠው ዕውቀታቸው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ከአገራችን ውጭ የሌለው ይህ እንስሳ፣ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ሣር ሊግጥ ይወጣል። በየት በኩል እንደሚወጣ ካላወቃችሁ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትሪፖድ ተክዬ ስጠብቅ ባለበቅሎው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ አይወጡም። ማታ ድምፃቸው ከወዲያኛው ገደል ነበር።»

ነቅለን ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ትልቅ ወንድ፣ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው፣ ከእኔ 15 ሜትር ላይ ብቅ አለ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቦታ ፀሐይ ሲያርፍበት ፍም መሰለ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከብርዱ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያናድደኛል። በሌላ ጉዞ የቀጠርነው አስጎብኚ የባለበቅሎዎቹን ስንቅ ሳይይዝ መጣ። ውርጭ በወረደበት ሌሊት እነዚያ ልጆች ቆሎ ቆርጥመው ሊያድሩ ነበር። ያለንን ተካፈልን። ከዚያ ወዲህ ዋጋውንም ስንቁንም ራሴ ፊት ለፊት ነው የምነጋገረው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደባርቅ ግቡና ዕቃችሁን አስመዝኑ። እኔ በአንድ በቅሎ ከ40 ኪሎ በላይ አላስጭንም። ለእነሱም የሚለብሱትና ዝናብ የሚከላከል ሸራ ያዙ።

ባትሪ ግን በቅሎ ላይ አትጫኑ፣ ብርዱ ይጨርሰዋል። እኔ ብብቴ ሥር ይዤው ነው የማድረው።