ሆደ ሰፊው 3060፦ ሞድ ለታጨቀበት ስካይሪም የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ

ባለፈው ወር አርቲኤክስ 3060 ቲአይ ካርዴን ለጓደኛዬ ሸጥኩና በብሩ ተራውን 3060 ገዛሁ። ትንሽም ተረፈኝ። ፈጣኑ ቲአይ የሚለው ነው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እኔም ጠፍቶኝ አይደለም። ጓደኛዬ ብሩን እየቆጠረ «ግን ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ። እሱ የሚጫወተው ኳስ ነው፣ ቲአዩ ለሱ ሰርግና ምላሽ ነው። እኔ የምጫወተው ስካይሪም ነው፣ ያውም ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) እስከ አፍንጫው የታጨቀበት። ለዚህ ደግሞ እግሩ ከሚፈጥን ሆዱ የሚሰፋ ካርድ ይሻላል።

ስካይሪም አሮጌ ጌም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ምንም ካልተጫነበት ርካሽ ካርድም ይስቅበታል። ነገሩ የተቀየረው በ2016 ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለው ሲመጣ ነው። የድሮው ባለ 32 ቢት ስለነበር ቢበዛ 4 ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ነበር መጠቀም የሚችለው፣ ሞድ ስታበዙበት ክራሽ ያደርጋል። አዲሱ 64 ቢት ሆነና ጣሪያው ተነሳ። ጣሪያ ሲነሳ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አዲስ ዛፍ፣ አዲስ ሣር፣ አዲስ ዝናብ፣ አዲስ ፊት፣ የበሩ ማንጠልጠያ ሳይቀር አዲስ። የኔ ዝርዝር አሁን ወደ 900 ሞድ ደርሷል። አውርጄ የጨረስኩት በስንት ሌሊት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቲአዩ ላይ ችግሩ እንዲህ ነበር። ጌሙ ላይ ቤት ውስጥ ስሆን በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል)፣ ቅቤ ነው። ኋይትረን ከምትባለው የጌሙ ከተማ በር ወጥቼ ፈረስ ስጋልብ ግን በየአስር እርምጃው ግማሽ ሰከንድ ቀጥ ይላል። ከዚያ ይቀጥላል። ከዚያ ቀጥ። ሪፍተን የምትባለው ሌላ ከተማ አካባቢ ያለው ጫካ ውስጥማ ባልገባ ይሻለኛል። የሚያናድደው፣ አማካይ ፍሬሙን ስታዩት 55 ምናምን ይላል፣ ቁጥሩ ሰላም ነው፣ ዓይናችሁ ግን ሰላም አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ድንጋዩና ግድግዳው ጭቃ የተቀባ መስሎ ይደበዝዛል። አንድ ቀን አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መከታተያ ሶፍትዌር ከፍቼ ማዕዘን ላይ የሜሞሪውን ቁጥር አስቀመጥኩ። ከ8 ጊጋው 7.9 ሞልቷል። በቃ፣ እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

ወጥ ቤት አስቡ። የካርዱ ቺፕ ወጥ ሠሪዋ ናት፣ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ፣ ቪራም የሚሉት፣ አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ነው፣ የኮምፒውተሩ ራም ጓዳው ነው፣ ኤስኤስዲው ደግሞ ጉሊቱ። ሽንኩርቱም በርበሬውም ጠረጴዛው ላይ ካለ እጇ አይቆምም። ጠረጴዛው ከሞላ ግን ለእያንዳንዷ ጭብጥ በርበሬ ጓዳ መመላለስ ሊኖርባት ነው፣ የፈለገ ቀልጣፋ ብትሆን ድስቱ እያረረ ትጠብቃለች። በቁጥር ላስቀምጠው። የቲአዩ ቪራም በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያቀብላል። ሞልቶ ወደ ራም ሲዞር ግን የሚያልፈው ካርዱ በተሰካበት በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ነው፣ የኔ ማዘርቦርድ ደግሞ የድሮው 3.0 ስለሆነ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 28 እጥፍ ልዩነት። ያቺ ግማሽ ሰከንድ የጓዳ ጉዞ ናት።

ለምን ይሞላል ካላችሁ፣ ጥፋቱ የራሳችን ነው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር 4096 በ4096 ነጥብ ነው። ቢሲ7 በሚባለው አጨማመቅ ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት ይይዛል፣ ይህ 16 ሜጋባይት ነው። ከርቀት ሲታይ የሚያገለግሉት ትንንሽ ቅጂዎች ሲጨመሩ 21 ሜጋባይት ይሆናል። 2ኬው ከነቅጂዎቹ 5 ሜጋባይት ከምናምን ነው። አንድ ዕቃ ደግሞ አንድ ቴክስቸር ብቻ አይደለም ያለው፣ ቀለሙ ለብቻ፣ ጎርባጣነቱ ለብቻ ነው የሚጫነው። 400 ያህል እንዲህ ያለ ፋይል በአንዴ ከተጫነ 8 ጊጋው አለቀ። እና የኔን ጉድ ስሙ፦ ሞኒተሬ 1080ፒ ነው፣ በጠቅላላው 2 ሚሊዮን ነጥብ ቢሆን ነው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር ወደ 17 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ስክሪኔን ስምንት ጊዜ የሚሸፍን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠች አንዲት የቢራ ዋንጫ ጭኜ ነበር። ዋንጫ!

ስለዚህ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት መጀመሪያ ይሄን አጽዱ። ካቴድራል አሴትስ ኦፕቲማይዘር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ቴክስቸሮቹን በጅምላ ወደ 2ኬ ወይም ወደ 1ኬ ያወርድላችኋል። ተራራና መሬት 4ኬ ይሁኑ፣ እሺ። ሹካና ጫማ 1ኬ ይበቃቸዋል። እኔ ይህን አድርጌ ቲአዩ ላይ ብዙ ተሻሽሎልኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እዚያው መቆም እችል ነበር። ግን ሞደኛ መቼ ይቆማል፣ ክፍት ቦታ ሳገኝ ሌላ ጫካ ጨመርኩ።

ከዚያ ካርድ ፍለጋ። መርካቶም ዞርኩ፣ ቦሌም ዞርኩ። 3060 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሲወጣ 329 ዶላር ነበር፣ ቲአዩ 399። ብሩ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ግን እነዚህን ዶላሮች በብር ማባዛት ደም ግፊት ነው። የከፈልኩትን አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። 3060 የሚባል ሁለት ካርድ አለ። ትክክለኛው 12 ጊጋ፣ የሜሞሪ መስመሩ ስፋት ደግሞ 192 ቢት ነው። በ2022 መጨረሻ ላይ በዚያው ስም ሌላ መጣ፦ 8 ጊጋ፣ 128 ቢት፣ የሜሞሪው ፍጥነትም በሰከንድ ከ360 ወደ 240 ጊጋባይት የወረደ። ካርቶኑ ላይ ስሙ አንድ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ልጁ ሊሸጥልኝ የነበረው ይሄን ነው። «ወንድሜ፣ 3060 3060 ነው፣ ልዩነት የለውም» አለኝ ዓይኔን እያየ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ልጁ ሙያተኛ ነው። ያገለገለ 12 ጊጋ አለኝ አለ፣ ቴስት ላድርገው ስለው አልተቆጣም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዤ ነበር የሄድኩት። 12 ጊጋ ይላል፣ 192 ቢት ይላል፣ ሐሰተኛ የሚል ምልክትም የለውም። (የድሮ ካርድ ስሙን በባዮስ ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡ አሉ፣ ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ያጋልጣል።) ፈርማርክ የሚባለውን መፈተኛ ከፈትንና ካርዱን ማስጨነቅ ጀመርን። አምስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ልጁ «በቃ ሠርቷል አይደል?» አለኝ እየሳቀ። አልበቃኝም። ጎረቤት ያለው ጄኔሬተር እስኪነሳ ቡና ጠጣን፣ እንደገና ከፈትነው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ አንድም ቀለም ሳይበላሽ፣ ፋኑም ሳያንቋቋ ቆየ። ይህ ካርድ ክሪፕቶ ሲፈጭ (ሌት ተቀን እያሰላ ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርት) ኖሮ ሊሆን ይችላል። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ 3060ን ኢቴሪየም ለሚባለው ክሪፕቶ እንዳይመች አድርጎ አውጥቶት ነበር፣ ግን በዚያው በ2021 መጋቢት ራሱ በስህተት የለቀቀው ድራይቨር ገደቡን ፈታው። ኢቴሪየም በመስከረም 2022 በካርድ መፈጨት ሲያቆም ያ ሁሉ ካርድ ገበያ ላይ ፈሰሰ። እኔ የፈጨ ካርድ አልፈራም፣ የማይሽከረከር ፋን ነው የምፈራው። (በነገራችን ላይ አገራችን ውስጥ የሚሠራው የቢትኮይን ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ እሱ በሌላ ማሽን ነው።)

ቤት አምጥቼ ሰካሁት። ያው ሴቭ፣ ያው በር፣ ያው ፈረስ። ያቺ ቀጥ የምትል ነገር የለችም። ጭራሽ! ሪፍተን ጫካ ውስጥ ፍሬሙ ወደ 45 ይወርዳል፣ ቲአዩ ላይ ከነበረው ያነሰ ነው፣ ግን ወጥ ነው፣ ይፈሳል። ሜሞሪው ከ9 እስከ 10 ጊጋ ይይዛል፣ ማለት ቲአዩ ከጅምሩ ዕድል አልነበረውም። አራት ሰዓት በተከታታይ ተጫውቼ አንድም ግድግዳ ጭቃ አልሆነም።

አሁን ወደ ሚያናድደው። ኢኤንቢ የሚባለውን የብርሃንና የጥላ ሞድ ከባዱን ስጭንበት ይደክማል። እዚያ ላይ የሚፈለገው ጉልበት እንጂ ሆድ አይደለም፣ 3060 ደግሞ 3584 ኮር ነው ያለው፣ ቲአዩ 4864። በዝናብና በጭጋግ 35 ፍሬም አይቻለሁ። ኢኤንቢውን አውጥቼ ኮሚዩኒቲ ሼደርስ የሚባለውን ሌላ የብርሃን ሞድ ጫንኩ፣ ቀለል ይላል፣ መልኩም አያሳፍርም። ኢኤንቢ ካልሆነ አልጫወትም የምትሉ ከሆነ ይሄን ካርድ ተዉት።

ሌላው፣ ከተማ ውስጥ ፍሬም ሲወርድ ካርዱን አትስደቡ። ብዙ ዕቃ በአንዴ ሲታይ እያንዳንዱን ለካርዱ የሚያዘው ፕሮሰሰሩ ነው፣ የስካይሪም ሞተር (ጌሙ የተሠራበት ሶፍትዌር) ደግሞ ብዙውን ሥራ በአንድ ኮር ላይ ነው የሚጭነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ካርዱ 60 ፐርሰንት ብቻ እየሠራ፣ ቪራሙም ሳይሞላ ፍሬም ከወረደ፣ አምስት ሺህ ዶላር ካርድ ብትሰኩም ያው ነው።

መብራት የሚበላው 170 ዋት ነው፣ ቲአዩ 200 ነበር። ኤንቪዲያ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፣ ከኬዙ ጋር በነጻ የመጣውን ስም የለሽ ግን አትመኑ፣ የተጻፈበት 550 ምኞት ነው። ዩፒኤስም እንዲሁ፣ ትንሹ 650 ቪኤ የሚባለው በዋት ሲሰላ 400 እንኳን አይሞላም፣ ጌም እየተጫወታችሁ መብራት ሲሄድ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይሸከምም፣ ፋኑ በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ከምታዩት በላይ ይሮጣል። ደግነቱ ቤታችን አይሞቅም። አቧራውን ግን በየሁለት ወሩ አውጡ።

ሌላ አማራጭስ? ብር ካላችሁና ፓወር ሰፕላያችሁ ጠንካራ ከሆነ የኤኤምዲው አርኤክስ 6700 ኤክስቲ ከዚህ ይፈጥናል፣ እሱም 12 ጊጋ ነው፣ ግን 230 ዋት ይጠጣል። 4060ን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ከ3060 ይልቅ አዲስ ነው፣ 115 ዋት ብቻ ነው፣ ቆንጆ ካርድ ነው፣ ግን 8 ጊጋ፣ ያውም የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሩ በግማሽ ስለሆነ እንደኔ ባለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጓዳው ጭራሽ ይርቃል። የኢንቴሉ ቢ580 በወረቀት ላይ ያጓጓል፣ 12 ጊጋ፣ ሲወጣም 249 ዶላር ነበር፣ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገው) የሌለው አሮጌ ማሽን ላይ ልፍስፍስ ይላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ 5060 ቲአይ አስመጡ፣ ባለ 16 ጊጋውን፣ እሱም እንደ 3060 በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ስለሆነ «16» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጻፉለት። የአክስቴን ልጅ ብዬው ነበር፣ የልጆች ጫማ ይዞ መጣ።

ትናንት የሱቁ ልጅ ደወለ። 4060 አዲስ ከነካርቶኑ ገብቷል፣ ያንን 3060 መልስና ትንሽ ጨምረህ ውሰድ አለኝ። አይ፣ ይቅርብኝ አልኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ እንደ ጓደኛዬ «ግን ደህና ነህ?» አለኝ።