የፊት መብራት የሪሌ ሽቦ ገዝቼ የደረሰብኝ (ሃይሉክስ ያላችሁ በተለይ አንብቡት)

መኪናዋ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት፣ በፈረንጅ የ1992 ሞዴል፣ ናፍጣ፣ የፊት መብራቷ ኤች ፎር የሚባለውን አምፖል ነው ሚወስደው። አሮጌ ናት፣ አውቃለሁ፣ ግን የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የኛ ሰው ስራ መኪና መቀየር ሳይሆን ያለችውን ማስታመም ሆኗል አይደል። በወር አንዴ ደብረ ሲና ቤተሰብ ጋ እወርዳለሁ፣ ጣርማ በር ላይ ማታ ጉም ሲወርድ ያየ ያውቀዋል፣ የኔ መብራት ደግሞ ኩራዝ በሉት፣ አጭሩን ሳበራ ከፊቴ ያለው አስፋልት ቢጫ ይሆናል እንጂ አይታይም።

እና እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ የቀየርኩት አምፖሉን ነው። 60/55 ዋት (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ማለት ነው) የነበረውን አውጥቼ 100/90 ገዛሁ፣ ሻጩ «ብሮ ማታውን ቀን ነው ሚያደርግልህ» አለኝ። ትንሽ ለውጥ አለው፣ አልዋሽም። ግን ሳምንት ሳይሞላ ኮፈኑን ስከፍት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ የግራውን ሶኬት ልነቅል ስል እምቢ አለ፣ ለካ ፕላስቲኩ ቀልጦ የአምፖሉ እግር ላይ ተጣብቋል፣ ቡና የመሰለ ቀለም ይዟል። መሪው ስር ያለው የመብራት ማብሪያም በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 90 ዋት ሁለት ጊዜ 180 ዋት፣ ለ12 ቮልት ስታካፍለው 15 አምፔር ነው፣ ያን ሁሉ በዛ ሰላሳ አመት ባለፈው ቀጭን ሽቦና ማብሪያ ውስጥ ማሳለፍ ማለት መኪናህን ቀስ ብለህ ማቃጠል ነው።

ሰፈራችን አንድ በእድሜ የገፉ የመኪና ኤሌትሪሺያን አሉ፣ እሳቸው ጋ ወሰድኳት። ምንም ሳይፈቱ ሞተሩን አስነሱኝ፣ ቴስተራቸውን ባትሪው ላይ ሲያደርጉት 13.9 ቮልት። ከዛ መብራቱ በርቶ አምፖሉ ጀርባ ሶኬቱ ላይ ሲለኩት 11.7። «ልጄ አምፖሉን ተወው፣ መብራትህ ተርቦ ነው» አሉኝ። ሁለት ቮልት ከምናምን መንገድ ላይ ሽቦውና ማብሪያው በልተውታል። ሁለት ቮልት ምን አላት እንዳትሉ፣ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም ሚወርደው፣ ቮልቱ 10 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኔ ሂሳብ ማግኘት ከሚገባኝ ብርሃን ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ነበር የማገኘው። አምፖል ለመግዛት ያወጣሁት ብር ተንገበገበብኝ።

መፍትሄው የሪሌ ሽቦ ነው። ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዛ ትልቁን የምታበራና የምታጠፋ ማብሪያ ናት። ሀሳቡ ምን መሰላችሁ፣ አምፖሉ ከባትሪ በቀጥታ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ ይበላል፣ የድሮው ሽቦና ማብሪያ ስራቸው ሪሌዋን ማዘዝ ብቻ ይሆናል፣ ሪሌ ደግሞ ለራሷ ከሩብ አምፔር በታች ነው ምትፈልገው። ከሶማሌ ተራ በ2,800 ብር ገዛሁ፣ ሱቁን አልጠራም። ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ነው፣ ሁለት ሪሌ (40 አምፔር ተጽፎበታል)፣ አንድ ፊውዝ ከነማቀፊያው፣ ሁለት የሴራሚክ ሶኬት፣ ከድሮው ሶኬት ጋር የሚገጥም አንድ ወንዴ፣ እና ሽቦ። «ለቶዮታ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ፣ «አለቃ እዚህ ያለው ሁሉ ለቶዮታ ነው» አለኝ። እሺ።

ሴራሚክ ሶኬቱን ወደድኩት፣ እሱን ከነገርየው ሁሉ ቀድሜ አመሰግናለሁ፣ ሙቀት አይፈራም፣ አምፖሉንም ጥብቅ አድርጎ ነው ሚይዘው። ሽቦው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከላይ ሲታይ የጣት ያህል ወፍራም ይመስላል፣ ጋሼ (ኤሌትሪሺያኑ) ጫፉን በምላጭ ላጥ ሲያደርጉት ላስቲኩ ብቻ ነው የወፈረው፣ ውስጡ ያሉት ክሮች ትንሽ ናቸው፣ አንዷን ክር ደግሞ በምላጩ ሲፍቋት ቀዩ ተነስቶ ከስሩ ነጭ ብረት ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ቮልት ላተርፍ ብዬ ቮልት ሚበላ ሽቦ ገዛሁ ማለት ነው። ከባትሪ እስከ ሪሌ፣ ከሪሌ እስከ አምፖል ያለውንና የኔጋቲቩን ሁሉ አውጥተው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ቀየሩት፣ ቀጭኑን ማዘዣ ሽቦ ብቻ እንዳለ ተዉት።

ሁለተኛው ጉድ ሲገጠም ነው የመጣው። ሁሉም ታስሮ ማብሪያውን ሳዞር ዝም። ቀጭ የሚል የሪሌ ድምጽ እንኳን የለም። እኔ ሪሌው ሞቷል ብዬ ሻጩን መራገም ጀምሬያለሁ። ነገሩ ግን ምን መሰላችሁ፣ የዛ ዘመን ሃይሉክስና ላንድክሩዘር የፊት መብራታቸው የሚታዘዘው በኔጋቲቩ በኩል ነው። ሶኬቱ ላይ የጋራ የሆነው እግር ፖዘቲቭ ነው፣ ማብሪያው አጭሩንና ረጅሙን ሚመርጠው ኔጋቲቭ በመስጠት ነው። የተሸጠልኝ ሽቦ ደግሞ ለተቃራኒው የተሰራ ነው፣ የሁለቱም ሪሌ 85 ቁጥር እግር (85ና 86 የሪሌዋ ማዘዣ ጥቅል ሁለት ጫፎች ናቸው) በጥቁር ሽቦ ኔጋቲቭ ላይ ታስሯል፣ 86 ላይ ፖዘቲቭ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ የኔ መኪና ደግሞ እዛ ጋ ኔጋቲቭ ነው ምትልከው። በሁለቱም በኩል ኔጋቲቭ፣ ምን ሊሰራ! ጋሼ ስቀው ጥቁሩን ሽቦ ከኔጋቲቩ ቆረጡት፣ ወንዴው ላይ ባዶ ከነበረችው ሶስተኛ እግር ጋ፣ የጋራው ፖዘቲቭ ካለበት ማለት ነው፣ አገናኙት፣ ቀጭ። አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ግን ሶስት ቀን ነበር። (ሪሌያችሁ ውስጡ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ እቃ፣ ካለው 85ና 86ን ማገላበጥ አለባችሁ፣ የኔ አልነበረውም።) ስለዚህ ስትገዙ «ለቶዮታ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ፣ በኔጋቲቭ ነው ወይስ በፖዘቲቭ ሚታዘዘው በሉ፣ ሻጩ ካፈጠጠባችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሲገጥሙ ያየኋቸው ነገሮችም አሉ። ፊውዟን ባትሪው አጠገብ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያደረጓት፣ ምክንያቱም ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ ምንም አያድነውም። ሪሌዎቹን እግራቸውን ወደታች አድርገው ነው ያሰሯቸው፣ ውሃ እንዳያቁሩ። ኔጋቲቩ የሚታሰርበትን የፓራፋንጎ ቦታ ቀለሙን ልጠው ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈገፈጉት። አንድ የማይመቸኝ ናስትሮ አበዙበት፣ ሞተር ሲሞቅ ሙጫው ይለቅና ይንጠባጠባል፣ በኋላ እኔው ራሴ በፕላስቲክ ቱቦ ቀየርኩት። ለእጅ 1,500 ከፈልኩ፣ ሽቦውን ለብቻ።

ውጤቱ? ሶኬቱ ላይ 13.4 ቮልት። እና እዚህ ጋ ነው ጋሼን የማመሰግናቸው፣ 100/90ውን አውጥተው የድሮውን 60/55 መለሱልኝ። በፊት 100/90 ከሰጠኝ በላይ ይሰጣል፣ ነጭ ነው፣ የመንገዱ ዳር ያለችው ድንጋይ ሳትቀር ትታያለች፣ ሶኬቱም አይግልም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ጉም ነው፣ እሱን ማንም አያነሳልህም፣ ግን ቢያንስ አጭሩን አድርጌ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ መውረድ ችያለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ መብራቱ ሲጠነክር አቅጣጫውን አስተካክሉ። እኔ መጀመሪያ ማታ ሳላስተካክል ወጥቼ ከፊት ሚመጣው ሁሉ ረጅም እያበራ ሰደበኝ፣ አጭር ላይ ሆኜ! ግድግዳ ፊት 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት።

ክረምቱን ሙሉ ነድቼበታለሁ። ነሐሴ ላይ የቀኙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ላቫጆ ልጆቹ በግፊት ውሃ ኮፈን ውስጥ ሳይቀር ይረጫሉ፣ ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። አጽድቼ ግሪስ ቀባሁት፣ እስካሁን ሰላም ነው።

ያልተፈታው አንድ ብቻ ነው፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት አልበራም ብላለች። በዚህ መኪና እሷ የምትበላው በአጭሩ የአምፖል ክር በኩል ዞሮ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነበር፣ አሁን እዛ ቦታ አምፖል የለም፣ የሪሌ ጥቅል ነው ያለው፣ እሱ የሚያሳልፈው ለሷ አይበቃትም። ጋሼ ከረጅሙ ሪሌ 87 ላይ (ወደ አምፖሉ ኤሌክትሪክ ከሚወጣበት እግር) በቀጭን ሽቦ እናመጣላታለን ብለዋል፣ ዳሽቦርዱን መፍታት ስላለበት ግን ለቀጣዩ ወር አሳደርነው። እስከዛ ረጅሙን ማብራቴን የማውቀው ከፊት የሚመጣው ሹፌር ጡሩንባ ሲነፋብኝ ነው።