ስለ ታንኳና ስለ መርከብ እያወሩ እንግሊዝኛ ላስተማሩን ጋሼ

ጎንደር ውስጥ ለልጁ የእንግሊዝኛ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ይህችን ያንብብልኝ። ለራሱ የሚፈልግም ካለ እንደዚሁ። እኔ ልጄን ላስመዘግብ ሄጄ፣ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀርቻለሁ።

የማመሰግናቸው ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «የፈለገኝ ሰው አንቺን ይጠይቅ» ነው ያሉኝ። ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ያስተምራሉ። ሰሌዳ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ በቃ።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ፓስት ቴንስ የሚባለውን ነገር ከታች ክፍል ጀምራ ስትማረው ኖራለች። በፊት የምታጠናበት ቦታ (ስሙን ተዉት) ደብተሯን በቀመር ሞልተውት ነበር። ሰብጀክት ሲደመር ሃድ ሲደመር ቪ ስሪ። ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም ትደግመዋለች። ትናንት ምን ስታደርጊ ዋልሽ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጠይቋት ግን ጭጭ።

ጋሼ ቀመር አይጽፉም። ታሪክ ነው የሚነግሩት፤ ታሪኩም ሁልጊዜ ውሃ ላይ ነው። ለምን ውሃ ብቻ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ውሃ ላይ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም» አሉኝ። «አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ውሃ ይጨልፋል፣ በመሃል ማዕበል ይነሳል። የቱ እንደቀደመ፣ የቱ እንደተከተለ ካላወቅሽ ታሪኩ ይጠፋብሻል።»

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ልንገራችሁ። ቦታው ጣና ነው። ጎርጎራን አብዛኞቹ ልጆች ያውቁታል፤ ያልሄደ ቢኖር እንኳ የሄደ ዘመድ አለው። አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ ከጎርጎራ ተነስቶ እየቀዘፈ ነው። ጋሼ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሞገድ ይስላሉ። «ይሄ ዋዝ ሮዊንግ ነው፤ ገና አላለቀም» ይላሉ። ከዚያ በጠመኔው ሞገዱን ጠብ! ጉማሬ ብቅ አለ። ጠብ! መቅዘፊያው ወደቀ። ጠብ! ሰውዬው ጮኸ። ነጥቦቹ ፓስት ሲምፕል ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ ስታርፍ ልጆቹ ግሱን በእንግሊዝኛ በአንድ ድምፅ ይጮኹታል። ጎረቤት ምን እንደሚል እንጃ።

ታንኳው እየከበደ ሄደ። ለምን? ጋሼ ከሞገዱ በስተግራ፣ ሰውዬው ከመነሳቱ በፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ ፀሐይ ሳሉ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ሰውዬው አላደረቀውም ነበር። ሃድንት ድራይድ። ልጄ ፓስት ፐርፌክት ምን እንደሚሠራ የገባት ያኔ ነው። ከታሪኩ በፊት ሆኖ ያለፈ፣ ግን አሁን ጣጣው የመጣ ነገር ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ «ነበር» ብቻዋን ብዙ ትሸከማለች። እየቀዘፈ ነበር፣ ቀዝፎ ነበር፣ ይቀዝፍ ነበር። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የተለያየ መንገድ አለው። ጋሼ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልጆቹ ራሳቸው እንዲያዛምዱ ያደርጋሉ። አማርኛ አትናገሩ ብለው አይቆጡም። ይሄን በጣም ነው የወደድኩላቸው።

ቀጥሎ የጥምቀቱ መጣ። የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፣ አባቶች ይባርኩታል፣ ከዚያ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። ጋሼ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአንደኛው ውሃው ሲባረክ ልጆቹ ጃምፕት፤ በሁለተኛው ውሃው ሲባረክ ልጆቹ ሃድ ጃምፕት። «ከሁለቱ በየትኛው ነው የሚቆጧችሁ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ላይ ቡራኬው ሳያልቅ ዘለው ገብተዋላ! አንዱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ የሚያውቀው ነገር አለ።

ለእኔ ግን ምርጡ የብሩስ ታሪክ ነው። ጄምስ ብሩስን የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር ገባ። ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎም አወራ። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አይቶት ነበር። ጋሼ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን አስቀመጡ። ብሩስ ሪችት፣ ፓኤዝ ሃድ ሲን። «ክርክሩን ማን ፈታው? ሃድ» አሉ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «የግሽ ሰዎችስ ጋሼ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ነው የሚመስሉት። ፊታቸው በራ። ሦስተኛ መስመር ጨመሩ። የግሽ ሰዎች ሃድ ቢን ድሪንኪንግ፣ ሁለቱም ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ከዚያ ጠበል ሲጠጡ ኖረዋል። ፓስት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ የሚባለው አስፈሪ ስም ያለው ነገር እንዲህ ሆኖ ገባ። ልጄ እቤት መጥታ ለአባቷ መልሳ አስተማረችው።

ከሩቅም ያመጣሉ። ታይታኒክን ሁሉም ልጅ ስለሚያውቃት ቶሎ ነው ያለፏት፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ገልብጠው ነው የጻፉት። በ1912 ከሌሊቱ 5:40 ላይ የበረዶ ተራራ መታች፣ 8:20 ላይ ሰጠመች፣ ካርፓቲያ የምትባለው መርከብ 10 ሰዓት ገደማ ደረሰች። ካርፓቲያ ስትደርስ ታይታኒክ ሃድ ሳንክ። ሰዓቱ ራሱ ሰዋስው ያስተምራል።

የአንታርክቲካ አሳሹን የሻክልተንን ታሪክ ግን ለሁለት ሳምንት ከፈሉት። ኢንዱራንስ የምትባለው መርከቡ በ1915 መጀመሪያ ላይ አንታርክቲካ አጠገብ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች፤ ወራት ቆይታ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሰጠመች። 28ቱ ሰዎች በጀልባ ሰው የማይኖርባት አንዲት ደሴት ደረሱ። ከዚያ ሻክልተን አምስት ሰው ይዞ በትንሽ ጀልባ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር አቋርጦ እርዳታ ሊያመጣ ተነሳ። እዚህ ላይ ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጡ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ!» ልጆቹ ኡኡ አሉ። የእኔዋ ሳምንቱን ሙሉ «ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም» እያለች ነዘነዘችኝ። ቅዳሜ ስንሄድ ነገሩን ጨረሱት። ተመልሶ ሲመጣ ደሴቲቱ ላይ የቀሩት 22 ሰዎች ከአራት ወር በላይ ሃድ ቢን ዌይቲንግ። አንድም ሰው አልሞተም። «እናንተስ ይሄን ሳምንት ምን ስታደርጉ ሰነበታችሁ?» አሏቸው። መልሱን ልጆቹ በእንግሊዝኛ ነው የመለሱት።

አነጋገር ላይ ቀልድ የላቸውም። ኢዲ የሚለውን መጨረሻ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አድርጎ ጃምፒድ፣ ሴይሊድ ይላል። እሳቸው በሦስት ይለዩታል። ጃምፕት ላይ ት ነው፣ ሴይልድ ላይ ድ ነው፣ ፍሎቲድ ላይ ብቻ ኢድ ይሰማል፤ ምክንያቱም ፍሎት ራሱ በት ስለሚያልቅ። በድ የሚያልቀውም እንዲሁ ነው። ሲንክ፣ ስዊም፣ ድሪንክ፣ ቢጊን ደግሞ አንድ ላይ ነው የሚጠኑት፤ መሃላቸው ያለው ድምፅ በአንድ ዓይነት ስለሚለዋወጥ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅርጽ በእኛ ፊደል ልጽፍላችሁ ብዬ ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ፤ እሱን እዚያው ሄዳችሁ ስሙት።

የቤት ሥራቸውም ሌላ ነው። ከቤተሰብ አንድ የውሃ ታሪክ ጠይቃችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ ይላሉ። ልጄ አያቷን ጠየቀች። እናቴ በልጅነቷ መገጭ ሞልቶ ከገበያ ሲመለሱ ማዶ ቀርተው ያደሩበትን ነገረቻት። እኔ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር፣ አህያዋ ቀድማ ተሻግራ ነበር፣ እነሱ ግን ቀሩ። ልጄ ይህን ስትጽፍ ዝናቡን፣ አህያዋንና ሰዎቹን በየቦታቸው በትክክለኛው ቴንስ አስቀመጠቻቸው። ጋሼ ያረሙት የአህያዋን ስፔሊንግ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። መኪናው እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ሄዷል ለማለት ድሮ በእጄ ጭምር ነበር የማስረዳው። አሁን በአፌ ብቻ ይበቃል።

እንከን የለባቸውም አልልም። ሰዓት አያከብሩም፤ ታሪኩ ከጣመ ይመሻል፣ ልጆቻችሁን ለመውሰድ ስትመጡ በር ላይ ትቆማላችሁ። የፈተና ጥያቄ አባዝተው አይሰጡም። ለሚኒስትሪ ሊቀርብ ጥቂት ጊዜ የቀረውና ጥያቄ ብቻ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ ሌላ ቦታ ይሻለዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ገና ያልለየ ልጅም እዚያ ይጠፋል። ስልክ በር ላይ ባለው ሰፌድ ውስጥ ይቀመጣል፤ የወላጅም ጭምር። ክፍያቸው ግን ሲበዛ ሚዛናዊ ነው። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ለሁለተኛው ሲከፍል በግማሽ ነው የሚቀበሉት፤ የቸገረውን ደግሞ እንዴት እንደሚይዙት አይቻለሁ፣ እንዳላወራው ስላሉኝ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ይስጥልን። እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምቱን ይጀምራሉ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ቶሎ ትሞላለች፤ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው።