ዊልቸሬን ለሠሩልኝ የሂርማታው ጋሼ

የጅማ ልጆች፣ ዊልቸር ወይም ክራንች ያላችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ሦስት ሳምንት ቤት ከዋልኩ በኋላ ትናንት ብቻዬን ሥራ ገባሁ። ብቻዬን!

በእጄ የማሽከረክርበት የጎማው ቀለበት ተጣሞብኝ ነበር። አንድ ቤት ወሰድነው፤ ስሙ ይቅር። ሰውዬው እኔን ትቶ ወንድሜን "ምን ሆና ነው?" አለው። በማግስቱ ስንሄድ ቀለበቱን ጭራሽ ቆርጦ ጥሎታል። "የሚገፋሽ ሰው አለ አይደል?" አለኝ። ለዚህም አስከፈለኝ! ወንድሜ ተማሪ ነው፤ እኔን ሲገፋ ሊውል ነው? ስንመለስ ደግሞ ባጃጅ ስንጠብቅ አንዲት እናት ጭኔ ላይ አሥር ብር ጣል አድርገው "እግዜር ይማርሽ" ብለው አለፉ። ክፋት የላቸውም። ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ፣ ደሞዝተኛ! ያን ቀን አለቀስኩ።

ከዚያ ጎረቤቴ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ብስክሌት የሚሠሩ ጋሼ ጋ ላከችኝ። ገና ሳያዩት "የት የት ትሄጂበታለሽ እህቴ?" አሉኝ። ወንድሜ ሊመልስ ሲል "አንተ ቆይ፣ የምትቀመጥበት እሷ ናት" አሉት። ምኑን ከምኑ እንደበየዱት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ሲጨርሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀለበቱን ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። የሻከረ ቦታ ሲያገኙ ሞረዱት። እንደገና ዳሰሱ። እንደገና ሞረዱ። "ቀኑን ሙሉ ስትይዢው እጅሽን ይልጥሻል" አሉኝ። በዋጋም ተከራከርን። በነጻ ውሰጂ አላሉኝም፣ እሰይ!

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለእኛም እንዲመች አዝዞ ነበር። ደረጃ ብቻ ያለው ስንት ቢሮ አውቃለሁ መሰላችሁ። ጋሼ በራቸው ላይ ያለውን ቦይ በአሮጌ ላሜራ ሸፍነውልኛል። ስወጣ ልጆቹ ሊገፉኝ ሮጡ። "ተዉአት፣ ከፈለገች ትጠራችኋለች" አሉ። ዘንቦ ነበር፣ ሁለቴ አንሸራተተኝ። በሦስተኛው ወጣሁ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያዩኝ ነበር።

ሂዱ፣ በእውነት ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ወረፋ የለም። ብቻ ሰው አትላኩ፣ ራሳችሁ ሂዱ፤ የሚያወሩት ከእናንተ ጋር ነው።