ለደሴ መንገድ ትራንስፖርት የፋይል ክፍል እህታችን ምስጋና፤ አሮጌ ቮልስ ለምታስመዘግቡም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ መኪና የምንጠግንና የምናገበያይ ሰዎች ነን። ለሁለት ሰዎች ምስጋና ለማድረስ ነው። አንዷ ደሴ መንገድ ትራንስፖርት ፋይል ክፍል የምትሠራ እህታችን ናት፤ ሌላው እዚያው የሻንሲና የሞተር ቁጥር የሚያመሳክረው ቴክኒሻን። ስማቸውን አንጠራም፤ ሳያስፈቅዱ የመንግሥት ሠራተኛን ስም አደባባይ ማውጣት ደግ አይደለም። "የድሮ ፋይል የምታውቀዋ የት ናት?" ብሎ የጠየቀ ግን አይጠፋበትም።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የኖረው ቮልስ፣ ፔጆ 404ና ላንድሮቨር ሁሉ እየተገፋ እየወጣ ነው። መኪናው እንኳ ካርቡራተሩ ታጥቦ ቤንዚን ቱቦው ከተቀየረ ይነሳል። የማይነሳው ወረቀቱ ነው። ለአሮጌ መኪና ተብሎ የተለየ መንገድ የለም፤ እንደማንኛውም የቤት መኪና በኮድ 2 ነው የሚስተናገደው፣ በ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት። ሊብሬ፣ ከፋይል ጋር የሚገጥም የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የቴክኒክ ምርመራ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። ለአዲስ መኪና ይህ ቀላል ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቮልስ ላይ ግን "የሚገጥም" የምትለዋ ቃል ሰው ታንከራትታለች።

ብዙ ቦታ ያለው ልማድ ሊብሬውን ከኮምፒውተሩ ጋር ማየት፣ አንድ አሃዝ ከተለየ "አይገጥምም" ብሎ መመለስ ነው። ስታስተካክል ደግሞ ሌላ ጉድለት ይነገርሃል፣ እሱን ስታመጣ ሌላ። የኛዋ እህት እንዲህ አትሠራም። መጀመሪያ የምትከፍተው ዋናውን ፋይል ነው፤ መኪናው መጀመሪያ ሲመዘገብ የተሞላውን ቅጽና ከጉምሩክ የመጣውን ዲክላራሲዮን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ከዚያ የተገለበጠ ስለሆነ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የገልባጩ ነው። ከዚያ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋ ትሰጣለች። አንድ ወረቀት፣ አንድ ጊዜ። እሷን ለማመስገን ይህ ብቻ በቂ ነበር።

በ2014ቱ ጦርነት በወሎ መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ ፋይልም አብሮ የጠፋበት ቦታ አለ። እንዲህ ሲሆን "ፋይሉ የለም" ብላ መስኮት አትዘጋም፤ በምን እንደሚተካ ትነግራለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ወረቀት አትጣሉ፦ የድሮ የቦሎ ደረሰኝ፣ የድሮ የመድን ወረቀት፣ የሽያጭ ውል፣ የዲክላራሲዮን ቅጂ። ፋይል መልሶ ሲደራጅ የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት ማንኛውም ማኅተም ያለው ወረቀት ዋጋ አለው። ማኅተሙ ደብዝዞ ከሆነ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ከተለበጠ ወረቀት ላይ ማኅተምና ፊርማ ማመሳከር ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ፋብሪካው 1968 ያለው በፈረንጅ ነው። ገልባጩ "እ.ኤ.አ." የምትለዋን ትቶ 1968 ብቻ ከጻፈ መኪናው በኛ የ1968 ዓ.ም. ይሆናል፤ ያ ደግሞ በፈረንጅ 1975/76 ነው። ሊብሬና ዲክላራሲዮን የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ሻንሲው ራሱ ነው። በጀርመን ሥሪት ቮልስ ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ 11 ብሎ ይነሳል፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው። 118 ብሎ ጠቅላላው 9 አሃዝ ከሆነ የ1968 ሞዴል ነው፤ ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ በኛ ከ1959 መጨረሻ እስከ 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያው 118 ሆኖ 10 አሃዝ ከሆነ የ1978 ነው፤ ከ1970 ሞዴል ወዲህ አንድ አሃዝ ተጨምሯልና። ብራዚል ሥሪት ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። አንዳንድ ወጣት ሠራተኛ 17 አሃዝና ፊደል ስለለመደ "ቀሪው የታል?" ይላል፤ 17 የሆነው ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቮልስ ላይ የሚፈለግ ቀሪ የለም።

ሁለተኛው የሞተር ቁጥር ፊደል ነው። የ1200ው ሞተር (1192 ሲሲ) አብዛኛውን ጊዜ በላቲን "ዲ" ይጀምራል፣ የ1300ው (1285 ሲሲ) በ"ኤፍ"፣ የ1500ው (1493 ሲሲ) በ"ኤች"። በእጅ በተጻፈ ሊብሬ ላይ "ዲ" ዜሮ ትመስላለች፣ "ኤፍ" ደግሞ "ኢ" ትሆናለች። "ዲ" ዜሮ ሆና ከተመዘገበች ቁጥሩ በዜሮ ይጀምርና ሞተሩ የተቀየረ ይመስላል። እህታችን ይህን ስለምታውቅ ሲሲውን ከፊደሉ ጋር ታያለች፤ ሊብሬው 1192 ካለና ቁጥሩ በዜሮ ከጀመረ የጽሑፍ ስህተት መሆኑን ለይታ ለማስተካከያ ታቀርበዋለች። ሞተሩ በእውነት ተቀይሮ ከሆነ ግን ማስተካከያ አያድንም፤ ሞተሩ የወጣበት መኪና ሊብሬ ወይም የግዢ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ይህ ሳይኖር መሄድ ለእሷም ለእናንተም ድካም ነው።

ቴክኒሻኑን የምናመሰግነው በትዕግሥቱ ነው፤ ቁጥሩ አልታይ ሲል "አይነበብም" ብሎ አይጽፍም፣ በአግባቡ ተጠርጎ እስኪመጣ ይጠብቃል። እናንተ ግን ጠርጋችሁ ሂዱ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ፣ ከማርሽ ዘንግ ማያያዣው ክዳን አጠገብ ነው። ባትሪውም እዚያው በስተቀኝ ስላለ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ የወንበሩ ሞላ የባትሪ ራስ ከነካ እሳት ይነሳል፣ በዚህ የተቃጠለ ቮልስ ጥቂት አይደለም። ከዚያ አቧራውን ጠርጎ ነጭ ጋዝ በጨርቅ መቀባት፣ ዝገቱን በስስ ዘይት አርሶ ማሳደር፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ማሸት። ግራይንደር፣ የብረት ብሩሽም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። አሃዙ ጥልቀት የለውም፤ ከተፋቀ "ተነካክቷል" ይባልና ወደ ፖሊስ ፎረንሲክ ይሄዳል፤ ያኔ ቴክኒሻኑም ሊረዳችሁ አይችልም። ከጸዳ በኋላ ጠመኔ ብታሹበት አሃዙ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ በዚያው ፎቶ አንሱት። ምርመራው ካለቀ በኋላ ግራሶ ቀቡበት።

ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከስኮርታ ጎማው ጀርባ ያለችው ትንሽ ሳህን ላይም ቁጥር አለ። የቮልስ ቦዲ ከሻንሲው ጋር በብሎን ነው የታሰረው፤ ቦዲው ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ሳህኗ ከሥሩ ጋር አትስማማም። የዚህ ቴክኒሻን ጥሩነት ይህን መለየቱ ነው፦ የሚታመነው ጉብታው ላይ የተመታው ነው ይልና ልዩነቱን በምርመራ ቅጹ ላይ ያሰፍራል። ሳህኗን ነቅላችሁ አትጣሉ፤ የተነቀለበት የሪቬት ቀዳዳ ከማይስማማ ቁጥር የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ሥር ነው፤ የዘይት ጭቃውን በነጭ ጋዝ ማጠብ ይበቃል።

ከሟች የተላለፈ መኪና ከሆነ ከመደበኛም ሆነ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ፣ ወራሾቹ ሁሉ ቀርበው ወይም ውክልና ሰጥተው ነው። በኛ አገር ደግሞ ስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፦ ሊብሬው ላይ "ሰይድ መሐመድ"፣ መታወቂያው ላይ "ሰዒድ ሙሐመድ"፣ የፍርድ ቤቱ ላይ ከነአያት። ከቀበሌ "የአንድ ሰው ስም ነው" የሚል ማስረጃ ቀድማችሁ አውጡ፤ እህታችንም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኸው ነው። ስም ዝውውር ላይ የቴምብር ቀረጥ አለ።

አዲሱ ሊብሬ ሲታተም ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት፦ የሞተሩ ፊደል፣ የሻንሲው አሃዝ ብዛት፣ ዓመቱ ጎን "እ.ኤ.አ." መኖሩ፣ ቀለሙ። እዚያው ከተገኘ በዚያው ሰዓት ይታረማል፤ ቤት ከገባ በኋላ ግን እንደገና ማመልከቻ ነው።

ሰኞ ከገጠርም ከከተማም ሰው ስለሚበዛ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ በር ላይ እንዳትቀመጡ። ለሻይ ብላችሁ ብር አትዘርጉላት፤ አትቀበልም፣ ታፍራላችሁም። ማመስገን የፈለገ የአስተያየት መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ "ጎበዝ ናት" ብቻ ሳይሆን የትኛውን ስህተት ከየትኛው ፋይል አግኝታ እንዳቃናች በዝርዝር ቢጻፍ አለቆቿ የሚያነቡት ነገር ያገኛሉ።