ጅማ ላይ ስለ ኩባንያ መግዛትና መሸጥ የሚሰጠው ስልጠና፣ ከ5 3.5 ሰጥቼዋለሁ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን ስልጠና ወስጄ ነበር፣ ኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈው። ክፍያው ከምሳ ጋር 2,000 ብር ነው፣ ትንሽ በዛ ግን አልቆጨኝም።

የቅዳሜው ጠዋት ቴዎሪ ነው፣ ስላይዱ አያልቅም ፕሮጀክተሩ ደብዛዛ ነው፣ አርፍዳችሁ ብትገቡም ምንም አይቀርባችሁም። የሚጣፍጠው ከሰዓት ስለ ካድበሪ ሲጀምር ነው። የአሜሪካው የምግብ ኩባንያ ክራፍት የእንግሊዙን ቸኮሌት አምራች ለመግዛት መጀመሪያ በፈረንጆቹ 2009 ለአንድ አክሲዮን 745 ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ሲያቀርብ የካድበሪ ቦርድ እንዴት ተደፈርን ብሎ ተቆጣ፣ በ2010 ጥር ዲቪደንዱን (ለባለአክሲዮን የሚከፈለውን የትርፍ ድርሻ) ጨምሮ 850 ሲሆን ያው ቦርድ ራሱ ባለአክሲዮኖቹን ሽጡ አላቸው፣ ማለትም ያ ሁሉ ቁጣ ዋጋ ማስጨመሪያም ነበር (መርካቶ በግ የገዛ ሰው ይሄን በነፃ ያውቀዋል)። ክራፍት ደግሞ ካድበሪ ራሱ ሊዘጋው ወስኖ የነበረውን የሶመርዴል ፋብሪካ ማስቀጠል እንደምንችል እናምናለን እያለ ሰራተኛውን ተስፋ ሰጥቶ፣ ካድበሪን በእጁ ካስገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ይዘጋል ስራው ፖላንድ ይሄዳል አለ። የኩባንያ ግዢ ደንብ የሚያስከብረው የእንግሊዝ ቴክኦቨር ፓነል በአደባባይ ወቀሰው፣ በ2011 ደንቡ ተሻሽሎ ገዢ አደርጋለሁ ያለውን ነገር ሁኔታው በጣም ካልተለወጠ በቀር ለ12 ወር እንዲጠብቅ ተደረገ።

እሁድ በቡድን ተከፍለን ገዢ፣ ቦርድና ባለአክሲዮን ሆነን ተጫወትን። እኛ ገዢዎቹ ለባለአክሲዮኖች ደብዳቤ ጻፍን፣ አብረን እናድጋለን፣ የሰራተኛው ደህንነት ያሳስበናል ምናምን፣ እኔማ በጣም አምሮብናል ብዬ ነበር። ባለአክሲዮን ሆነው የተቀመጡ አንድ የቡና ነጋዴ ሃጂ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና "ልጆቼ፣ ብሩ በስንት ቀን እንደሚገባ አልጻፋችሁም፣ ስንት ሰው እንደማይባረርም አልጻፋችሁም፣ ታዲያ እኔ ምኑን ነው የምፈርመው?" አሉ። አሰልጣኙ ሳቀና ደብዳቤያችንን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ጀመር፣ ቀን ወይ ቁጥር የሌለው አረፍተ ነገር ሁሉ ተሰመረበት፣ ሳይሰመርበት የቀረው ሰላምታውና ፊርማው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለዚች ሰዓት ብቻ 2,000 ብር እከፍላለሁ።

አሁን 1.5 የቀነስኩበት። ምሳሌው በሙሉ የውጭ ነው። ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች በ2011 (በኛ 2003) ከመንግስት በ163 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ በደሌ እኮ እዚሁ ጎረቤታችን ነው፣ በጨረታ የተሸጠ ስለሆነ ከካድበሪ ይለያል ግን ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ አንዴም ስሙ አልተነሳም። ስለ ሀገራችን የንግድ ውድድር አዋጅ 813/2006 ሳይወራም አለቀ፣ ኩባንያ ከመቀላቀሉ በፊት ማሳወቅ እንዳለበት የሚያዘው እሱ ሆኖ ሳለ። ማንዋሉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እዚህ የቡና ማህበር ስብሰባ በኦሮምኛ እየተካሄደ እሱ መቅረቱ አይገባኝም።

ምሳው ሽሮና ጥብስ ነው፣ ቡናው ግን ጅማ ላይ ሆነው እንዴት እንደዛ ቀጭን እንዳፈሉት እነሱ ይወቁ። ሰርተፊኬት ወዲያው ይሰጣሉ፣ ደረሰኝ ግን ካልጠየቃችሁ አይቆርጡም።